ቫልቭ ላይ የታሰረ አለላ

"መደቡን ማን ነካው?"

የደምለው ጩኸት እኛ ጓሮ ድረስ ተሰማ። ከሞጣ ናፍጣ ይዞ መግባቱ ነበር። እኔ መቼም ምን ቸገረኝ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ በጃንሆይ ጊዜ፣ ደምለው ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ሲሠራ ከርሞ ቢቸና ገባ። ጥማድ በሬውን ሸጠና ከአንድ የሞጣ ባለርስት የሞተ ትራክተር ገዛ። ሞተሩን እቤቱ አስገብቶ እንደ ቅርጫ ሥጋ ብልት ብልቱን አወጣው። ክረምት ሊገባ ነው፤ ሞተሩ ካልተነሣ መሬቱ ጦሙን ማደሩ ነው። አገሩ ሁሉ ሲስቅበት ሰነበተ። ምን እዋሻለሁ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ቫልቭ የሚላቸው እንጉዳይ የሚመስሉ ስምንት ብረቶች ነበሩ። አንድ በአንድ ሞርዶ መደቡ ላይ በሁለት ረድፍ በተራ ደርድሯቸዋል፤ እያንዳንዷ ከራሷ ቀዳዳ በቀር አትገጥምም። እሱ ሞጣ ሳለ ታዲያ የጊዮርጊስ ማኅበር ተራ እነሱ ቤት ደረሰ። ቄስ አካለ ወልድ የት ይቀመጡ? ሚስቱ ጥሩአየሁ ብረቱን ሰብስባ እንቅብ ውስጥ ከተተችው።

ደምለው እንቅቡን ቢከፍት በየብረቱ አንገት አለላ ታስሯል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር።

"ደብተራ አስቋጠርሽበት? በሬዎቼን በላ ብለሽ ሞተሩን ልታስገድይው?" አለና አንዱን በጠሰው።

"ተው አንት ሰው!" እጁን ለቀም አደረገችው። "የምን ደብተራ! የስፌቴ አለላ ነው። አንተ መደቡ ላይ እንደ ደረደርኸው፣ ከበሩ በኩል ሲጀመር ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር። አንድ ቋጠሮ የግድግዳው ረድፍ፣ ሁለት ቋጠሮ የፊተኛው። ቀለሙን ያልያዘች ሴት የፈታችውን ስፌት መልሳ ትሰፋዋለች?"

"የበጠስሁትስ?"

"ሰባቱን በየቦታቸው መልስ። የቀረው ቀዳዳ የማን ሊሆን ነው?"

ሰውዬው ያን ዕለት ገና ያገባት ይመስል ዓይን ዓይኗን አያት።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተገጥሞ ትራክተሩ ላይ ተመለሰ፤ አጥሩ በሰው ተሞላ። ደምለው ማኖቬላ የሚለውን የማስነሻ ብረት አዞረ፤ ምንም የለ።

"በሬ ቢሆን ይሄኔ ግማሹ ታርሶ ነበር!" አለ ባለወፍጮው ፋንታ።

ደግሞ አዞረ፤ ሞተሩ አንዴ ሳለና ተወ። በሦስተኛው... እንጃ ምን ልበላችሁ! መሬቱ ከእግሬ ሥር ራደ። ዶሮው ሁሉ ጣራ ላይ ወጣ። ምቱ እዚህ ደረቴ ውስጥ ነበር የሚመታው። ቄሱ "እግዚኦ፣ ያንተ ሥራ!" አሉና እንባቸው መጣ፤ "ጢሱ ነው፣ ጢሱ ነው" እያሉ ጠረጉት። ጥሩአየሁ ብቻ ቀረብ ብላ ትራክተሩን እንደ ላም ጎኑን ዳሰሰችው።

ፋንታ ሰውን እየገፋ ገባ። "አያ ደምለው፣ የኔም የወፍጮ ሞተር ከቆመ ሰነበተ። ነገ መጥተህ ብትፈታልኝ?"

"ነገ መሬቴን አርሳለሁ። ከነገ ወዲያ እንመጣለን።"

"እነማን?"

ደምለው ወደ ሚስቱ ዞረና ከሞተሩ በላይ ጮኸ፤ ሁላችንም ሰማን።

"ጥሩዬ! አለላ አዘጋጂ፤ አንቺ ሳትኖሪ አንድ ብሎን አልፈታም!"