ትንፍሽ የማይለው ምስል

ታላቅ ወንድሙ በሰው አገር ከባድ መኪና ሲነዳ ገደል ገብቶ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ካርቱን ሠሪው ግን ወንድሙን በወጉ አላለቀሰለትም። የእናታቸው ልብ ታሟል፣ ሐኪሞች ደረቷን ሊከፍቱ ቀጠሮ ይዘዋል። ቆፍጣናዋ አክስቱ ቤተሰቡን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስባ በሩን ከዘጋች በኋላ፣ «ቀዶ ጥገናው ሳያልፍ ትንፍሽ ያለ ሰው፣ እኔና እሱ አንተዋወቅም!» ብላ ማለች። ትንፍሽ ያለ የለም።

እናት ግን የዋዛ አይደለችም። ቀጠሮው ሲቃረብ አሻፈረኝ አለች።

«የልጄን ፊት ሳላይ ቢላ ስር አልገባም። ድምፁን አይደለም ያልኩት፣ ፊቱን! ሲንቀሳቀስ!»

«መንገድ ላይ ነው እማ፣ ኔትወርክ የለም» ቢላት ካርቱን ሠሪው፣

«እንግዲያው ኔትወርክ ሲመጣ ያክሙኝ» አለችው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ካርቱን ሠሪውን የሥራ ባልደረቦቹ «ስበት» ነው የሚሉት፤ እሱ የነካው ጅራትና ቀሚስ ሁሉ ሲወዛወዝ እውነተኛ ክብደት ስላለው። ቢሮ ገብቶ፣ ወንድሙ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ከፈተ። ኮቱን እጅጌው ውስጥ ሳይገባ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል፤ ሲፈጥረው እንዲህ ነበር የሚለብሰው። ከዚያ ወንድሙን ይቆራርጠው ጀመር። ጭንቅላቱን፣ ዓይኖቹን፣ አፉን፣ ኮቱን፣ ሁለቱን እጅጌዎች፣ ግንባሩ ላይ የወደቀችውን የጸጉር ዘለላ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ሌየር በሚባል ስስ የምስል ንጣፍ ላይ አድርጎ ላይ በላይ ደራረባቸው። ዓይኑን ከፊቱ ሲለየው፣ «ይቅር በለኝ ወንድምዓለም» አለ። ጎኑ የተቀመጠችው የቀለም ባለሙያ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

የኮቱን ኮሌታ ትከሻው ላይ ቸነከረው፤ እጅጌዎቹን ለቀቃቸው። ቀጥሎ ካርቱን በሚያንቀሳቅስበት ፕሮግራም ውስጥ ስበቱንና ነፋሱን ከፈተ። እጅጌዎቹ ወደቁ፣ ተወዛወዙ፣ ጎኑን መታ መታ አድርገው ተመለሱ። የጸጉሩ ዘለላ እንደ ዱሮዋ ብድግ አለች። ወንድሙ በፊት ልኮት የነበረውን የድምፅ መልእክት ከከንፈሩ ጋር አገጣጠመ፤ «እማ፣ አለሁ፣ አታስቢ።» ስበት ሆዬ ሆዱ ባባ። ለትንሽ ጊዜ ውሸቱን ራሱ አመነው።

ቪዲዮውን ስልኩ ላይ ጭኖ «ላከልሽ» ብሎ ሲያመጣላት፣ እናቱ ተቀብላ መነጽሯን አደረገች። አክስት በሩ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«አሁንም እጅጌው ውስጥ አይገባም? ስንቴ ነገርኩት፣ ብርድ ይመታሃል ብዬ!» ሳቀች እናት።

ካርቱን ሠሪው እፎይ አለ።

«ድገምልኝ እስቲ።»

ደገመላት። አሁንም ድገም አለችው። ቀስ በቀስ ሳቋ ጠፋ፤ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ጣቷን የልጇ ደረት ላይ አሳረፈች።

«ነፋሱ ኮቱን ያነሳዋል» አለች በዝግታ። «እሱ ግን አይተነፍስም።»

«ምን ማለትሽ ነው እማ፣ ቪዲዮው እኮ...»

«ሕፃን እያለ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ሳላይ ተኝቼ አላውቅም። እኔን ነው የምታታልሉት?»

ስበት ክው አለ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የተንጠለጠለውን ማወዛወዝ ነው፤ ትንፋሽ በእጅ ነው የሚሰጠው። ደረትን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ የማንም ጀማሪ ሥራ። ለልጆች ፊልም ለሠራቸው ድመቶችና ጉጉቶች ሁሉ ሰጥቷል። ለገዛ ወንድሙ ረሳው። አፉ ሲዋሽ ከረመ እንጂ፣ እጁ ወንድሙ መሞቱን ያውቅ ነበር።

አክስት ከበሩ ወደ ውስጥ ራመድ ብላ ቆመች። እናት ጣቷን ከደረቱ ላይ ሳታነሳ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው።

«በሉ እንግዲህ» አለች፣ «እናንተ እንኳ ተንፍሱ።»