ለማሂ ፀጉር ያልቀባሁት ነገር

ግራ የገባው ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔን እዩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አሰላ ውስጥ የሰው ፀጉር ስሠራ ኖሬ የራሴን ልጅ ፀጉር ማዳን አቃተኝ። ልጄ ስል ያው የእህቴ ልጅ ናት፤ ማሂ። እህቴ ስትሞት ማሂ አምስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቷም አክስቷም እኔው ቀለሟ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። ከጆሮዋ በላይ፣ በግራም በቀኝም፣ ፀጉሯ ሳሳ። የቀረውም ወዙ ጠፍቶ ሚዶ ሲነካው ብጥስ ይላል። ፈተና ነው፣ ጭንቀት ነው ብዬ ተውኩት። ጥር ላይ ቆዳዋ ታየ። ሰኔ ላይ ከዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች፤ እሷ እቴ፣ «እንዲህ ሆኜ ፎቶ አልነሣም፤ ካልበቀለ አልሄድም» አለችኝ። ስንት ዓመት የለፋንበትን ምርቃት! ደሜ ፈላ።

ከዚያ በኋላማ ያልቀባኋት ነገር የለም። እማማ በቀለች ከሳጉሬ የሚያመጡልኝን ለጋ ቅቤ ቀባሁ። ተልባ ቀቅዬ ልጋጉን አጥልዬ ቀባሁ። እሬት ሰንጥቄ ቀባሁ፣ እንቁላል መትቼ ቀባሁ። ፈናን የምትባል ደንበኛ አለችኝ፣ አስተማሪ ናት፣ ከስልኳ አትነቀልም፤ «የጥብስ ቅጠል ቀቅለሽ ውሃውን እርጪበት፣ ቲክቶክ ላይ በሁለት ሳምንት ያበቅላል ይላሉ» አለችኝ። ረጨሁ። ሌላዋ ደግሞ የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ አለች። ቀባኋት፤ ልጅቷ ሦስት ቀን ወጥ ወጥ እየሸተተች ክፍል ዋለች። «አክስቴ፣ ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ ምሳ ደረሰ እንዴ ይለኛል» ብላ አለቀሰችብኝ። ሳቄ መጣ፤ ዋጥ አደረግኩት።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ጎረቤቴ፣ «በፆም ቅቤ እየቀባሻት እንዴት ይብቀል?» አለችኝ። «ፀጉር ይጾማል እንዴ?» ብዬ አፏን አስያዝኳት። ልቤ ግን ፈራ፤ ቅቤውን ትቼ ወደ ጉሎ ዘይት ዘለልኩ። ጥር ላይ ጤና ጣቢያም ወስጃት ነበር፤ ደሟን አዩ፤ ደም ማነስ የላትም፣ ምንም የላትም አሉ። ምስሩም ጎመኑም እኔ ነኝ የማበላት፣ ከየት ታመጣዋለች?

የበለጠ ግራ ያጋባኝ ደግሞ የኋላ ፀጉሯ ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ የሚያምር! ቅቤው አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ጭንቅላቱ አንድ። ከጆሮዋ በላይ ግን የታጨደ የኢተያ ስንዴ ማሳ ነው የሚመስለው። ቡዳ ነው እንዳልል፣ ቡዳ ከፊትና ከኋላ ይመርጣል?

በየሁለት ሳምንቱ ሹሩባዋን አፈርሰውና እንደገና እሠራታለሁ። ፀጉር ታስሮ ሲቀመጥ ያርፋል፣ ያድጋል፤ እኔ የማውቀው ይህንን ነው። የሳሳውንማ እንዳያመልጠኝ ከሥሩ ሰብስቤ ጥብቅ አድርጌ ነው የምይዘው። የእኔ ሹሩባ ወር ቢቆይ ንቅንቅ አይልም። ከእኔ ዘንድ የወጣች ሴት ያን ቀን በጎኗ አትተኛም፤ የራስ ምታት ክኒን ውጣ ነው የምታድረው። ያላመመ ሹሩባ ምኑን ሹሩባ ሆነ? «የቀለሟ እጅ» ሲሉኝ ኮራ እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ፈናን መጣች። ሹሩባዋን ስፈታው ከጆሮዋ በላይ በሁለቱም በኩል ባዶ ነው።

«አንቺ፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ማል ጎና፣ ቀለሜ? ምን እናደርጋለን?» አለችኝ። «እኔም በጥብስ ቅጠሉ እያስታመምኩት ነው።»

ከእሷ ቀጥላ የተቀመጠችውም እንደዚያው። ሦስተኛዋም። ወይ ጉድ! ከተማው ሁሉ በአንድ በሽታ ተያዘ እንዴ? ውሃው ይሆን? ብርዱ ይሆን? ሚዶዬ ነው ብዬ ሚዶዬን አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍኩት።

በዚህ መሃል እማማ በቀለች ቅቤያቸውን ይዘው ገቡ። ዝናብ መቷቸው ኖሮ ሻሻቸውን ፈትተው መጭመቅ ጀመሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ፀጉራቸው ነጭ ነው፣ ግን እስከ ግንባራቸው ዳር ድረስ ሙሉ ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«እማማ፣ እርስዎ ምንድን ነው የሚቀቡት?»

«ምን እቀባለሁ ልጄ? ከሸጥኩት ከተረፈ ቅቤውን ነዋ። ካልተረፈም የለም።»

«ማን ነው ታዲያ የሚሠራዎት?»

«ማን ይሠራኛል? እኔው ላላ አድርጌ ጎንጉኜ ጣል ነው። ያንቺን እጅማ ማን ይችለዋል! ለልጄ ሠርግ ሠርተሽኝ አልነበር? ሳምንት ሳይሞላ ነው ያፈረስኩት፣ ሥር ሥሩ ቆስሎ። ቅር እንዳይልሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

እየሳቁ ነው የነገሩኝ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ወረፋ የያዙትን «ሌላ ቀን ኑ» ብዬ መለስኩና በሩን ዘጋሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የኮራሁበትን እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሳየው ዋልኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማሂ እንደ ልማዷ ትራሷን ወለሉ ላይ ጥላ ጉልበቶቼ መሃል ተቀመጠች። ሚዶውን አቀበለችኝ። እጄ አልሄድ አለኝ።

«ምነው አክስቴ?»

«ማሂ፣ ፀጉርሽን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ጭንቀትም አይደለም፣ ውሃም አይደለም። በሳሳ ቁጥር አጠብቃለሁ፣ ባጠበቅኩ ቁጥር ይነቀላል። በእጄ ነው የጨረስኩሽ።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ጥር ላይ ጤና ጣቢያ አንቺ ለደም ምርመራው ወረፋ ስትይዢ ሐኪሞቹ ነግረውኛል። ሹሩባውን ተዪ፣ ካልሆነም አላልተሽ ተሠሪ ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን አባሽ ያስቀምጥሻል?» ጮህኩባት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ማዘን ሲገባኝ ጮህኩ። «አራት ወር ሙሉ በሽንኩርት፣ በተልባ ስባዝን እያየሽ! ምርቃቴ ይቅር እስክትዪ ድረስ!»

ዞራ አላየችኝም።

«አንቺ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ስትሠሪ ትውያለሽ። ከዚያ ደክሞሽ ትተኛለሽ» አለች። «እኔ አንቺ ጋ የምቀመጠው ስትሠሪኝ ብቻ ነው። ካልተሠራሁ በምን ሰበብ እመጣለሁ?»

ሚዶውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

«ለሰኔ ይደርሳል?» አለችኝ።

«አላውቅም ልጄ። እኔ እንጃ፣ ምኑንም አላውቀውም።»

ውጭ በሩ ተንኳኳ። «ቀለሟ! አለሽ?» አለች አንዷ ደንበኛዬ።

«የለሁም!» ብዬ ጮህኩ።

ማሂ ሳቀች። ስትስቅ ትከሻዋ ጉልበቴ ላይ ይንቀጠቀጣል። ፀጉሯን ሳልሠራ፣ ምንም ሳልቀባ፣ እጄን ጭንቅላቷ ላይ አድርጌ እስኪመሽ ተቀመጥን።