ኳርትዙ ያለበት ተራራ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ለዓመታት የያዘችው በስልክ ነበር። እሱ ሩቅ በረሃ ውስጥ፣ ኳርትዝ የሚባለው ነጭ ድንጋይ በተገኘበት ተራራ ሥር፣ የቁፋሮ ካምፕ ይጠብቃል። "ይቺን ወር ልግፋና እመጣለሁ" ይላል፤ ወሯ ግን አትገፋም። የባሏ እህት ልብስ መስፊያ ሱቋ ብቅ ባለች ቁጥር ታበሽቃታለች።

"ጣውንትሽ ድንጋይ ናት። ምን ብለሽ ትጣያታለሽ?"

በመጨረሻ የቁፋሮው ድርጅት ኳርትዙ ትንሽ ነው፣ የመንገዱን ወጪ እንኳ አይሸፍንም ብሎ ካምፑን ነቀለ። ባልየው ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ። ሚስት በደስታ የምትሆነውን አጣች።

ሰውየው ግን ቤት ገባ እንጂ ልቡ አልገባም። አልጋው ለሰለሰኝ ብሎ ወለል ላይ ይተኛል። ስታናግረው "እ?" ይላል። በስልክ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያጫውታት ነበር። አንድ ቀን ሸሚዝ እየተኮሰች፣ ለካምፑ ውሃ ያመላልስ ለነበረው የቦቴ ሹፌር ሲደውል ሰማችው።

"በዚያ በኩል ታልፋለህ? ተራራው እንዴት ነው?"

እንዴት ነው! እንደ አማት ጤና! ቅናት አንገበገባት። ካውያውን አስቀምጣ ወጣችና፣ "ወስደህ አሳየኝ" አለችው።

ሹፌሩ ጋቢና አሳፍሮ ወሰዳቸው፤ "ማዶ ላለው መንደር ውሃዬን አራግፌ እመለሳለሁ" ብሎም ተራራው ሥር አወረዳቸው። ተራራው ጥቁር ነው፤ አንድ ቅጠል የለበትም። ወገቡ ላይ ነጩ ኳርትዝ እንደ ጠባሳ ተጋድሟል። ባሏ እጇን ይዞ አወጣት። በየስንጥቁ እንደ ብርጭቆ የጠሩ፣ ከጣት የማይበልጡ ሹል ድንጋዮች በቅለዋል። ቆንጆ ነበሩ፤ ያናደዳትም እሱ ነው።

"እዚህ ነበር የምቀመጠው" አለ፣ የቋጥኙን ጥላ እያሳያት። "ስልክ የሚሠራው ታች ካምፑ ጋ ብቻ ነበር፤ እዚህ አይሠራም። ዝም ብዬ አወራሽ ነበር።"

"ማንን? እኔን?"

"ታዲያ ማንን? ድንጋዩን?"

ያን ሁሉ ዘመን የናፈቀችው ሰውዬ ለካ እዚህ ተቀምጦ ሲያወራት ኖሯል። ጥላው ውስጥ ጎኑ ተቀመጠች።

"በል ንገረኛ። ምን ምን ትለኝ ነበር?"

አፈረ። ጠጠር አንስቶ ወረወረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፤ መጀመሪያ ስለ ነፋሱ፣ ቀጥሎ ስለ ሳቋ፣ ከዚያ ስለ ፍርሃቱ፣ ረስታኝ ይሆን እያለ ስላደረበት ሌሊት። ቦቴው ታች ጥሩንባውን ሲያንባርቅ ገና ምኑም አልተነካም።

"ቀሪውን ቤት ትነግረኛለህ" ብላ ተነሳች።

እሱ ግን ጋቢና ውስጥም አላቆመም። ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋላቸው።