ግትሯን ያጠጡ ለቀስተኞች

«አንቺም እንደኛው ከስተሻል፣ እንኪ ጠጪ» አለች አክስት፣ ከብርጭቆዋ የተረፈውን ውሃ ሸክላው ውስጥ እያንጠፈጠፈች።

የምታነጋግረው የሟች ወንድሟን ቁጥቋጦ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ችግኝ ሲያፈላ የኖረ ነበር፤ ይህችን ከደረቅ ተራራ ወገብ ነቅሎ አምጥቶ «ግትሯ» አላት። በጋ ከክረምት ቅጠሏ አይረግፍም፤ ቢጫ አበባዋንም የምታወጣው ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ ነው። እሱ ከተቀበረ ወዲህ ግን ቅጠሏ ከሥር እየገረጣ መጣ። ለቀስተኛው ሁሉ «አዝና ነው» እያለ የጠጣውን ያካፍላታል። የሟቹ አንድያ ልጅማ ከሁሉም ብሳ በጆግ ነበር የምታጠጣት።

ምክንያት ነበራት። በመጨረሻው ሰሞን አባቷ ማንኪያውን ገፋ አድርጎ «በቃኝ፣ ልጄ» አላት። ለመነችው፣ ተቆጣችው፤ ኋላ ግን ማንኪያውን አስቀምጣ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች አጠገቡ ተቀመጠች። አክስት ይህን አይታ ጓዳ ውስጥ «ወንድሜን ውሃ ነፈገችው» ስትል ልጅቱ ሰምታለች። ያ ቃል ከጆሮዋ ስላልጠፋ ነው ጆጉን ከእጇ የማትለየው።

ከሰዓት በኋላ የአባቷ የሥራ ባልደረባ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከተተ።

«ማነው እንዲህ ያሰጠማት?»

ቤቱ ሙሉ ሰው አቀረቀረ።

«የጠማት መስሎን ነው፣ ጋሼ» አለች ልጅቱ።

«ይቺን ጥም አይገድላትም። የሚገድላት ደግነት ነው።» ነቅሎ ሥሮቿን አገላበጠ፤ የበሰበሰውን በመቀስ ቆረጠ። ጤነኛው ነጭ ሥር ግን ይበዛ ነበር። «ትተርፋለች። ጠጠር ላይ ትከሏትና ተዉአት።»

ልጅቱ ልታግዘው ጎንበስ እንዳለች ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባዬንም እኮ በቃኝ ሲል ተውኩት። አጠፋሁ?»

ሰውየው መቀሱን አስቀመጠ። «ልጠይቀው ስመጣ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? ‹እምቢ ብላ ስትታገለኝ ነበር፤ አሁን ገባት። ዛሬ ገና አረፍኩ› ነው ያለኝ።»

ልጅቱ እፎይ አለች። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አላፈረችም። አልቅሳ ስትጨርስ ርቧት ነበር።

በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም የሰማችው አክስት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቀረበች። «ክፉ ተናግሬሻለሁ። ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም። ቁጭ በይ» አለች ልጅቱ፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ።

አክስት ተቀመጠች። አፈር የነካውን የልጅቱን እጅ አንስታ ቀሚሴ ይቆሽሻል ሳትል ጉልበቷ ላይ አኖረችው።