ውሃ ያልነካቸው ካርቶኖች

ዶኛ ዴልሚራ ከወደቡ ሰፈር ለመውጣት እሺ ያሉት ጉልበታቸው ሲከዳቸው ነው። የኡራጓይ ወንዝ በሞላ ቁጥር ሰፈሩን ያጥለቀልቀዋል። በደህናው ጊዜ እቃቸውን ተሸክመው ጣሪያ ላይ ይወጡ ነበር፤ አሁን የበሩ ደፍ እንኳ ዳገት ሆኖባቸዋል። ልጃቸው ኢሪስ ከተማው አናት ላይ ካለው ቤቷ አንዲት ክፍል አሰናድታ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፒካፕ ተውሳ መጣች። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ብዙ እቃ እንደማትይዝ አስቀድማ ነግራቸዋለች።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ቀለል ያለ ነበር። የሟች ባለቤታቸውን የኤሌውቴሪዮን ባርኔጣዎችና ተረከዛቸው ያለቀ ጫማዎች ለቤተ ክርስቲያን ለዩ። ጎረቤታቸው ዶኛ ፑራ የማቴ ሻይ የሚጠጡበትን ቅላቸውን እንደያዙ ብቅ አሉና ዓይናቸውን አንድ ወንበር ላይ ጣል አደረጉ።

"እኔ ስትሞቺ እወርስሻለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ አንቺ በቁምሽ ልታወርሺኝ ነው?" አሉ።

ሁለቱም ሳቁ። ዶኛ ፑራ ግን ወንበሩን ይዘው ሲወጡ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

ያስቸገረው ወረቀቱ ነው። የመብራት ደረሰኝ፣ የተሰበረ ሬዲዮ ዋስትና፣ ሙሽሮቹም ታዳሚዎቹም ያለፉ የሠርግ ጥሪ። ኢሪስ ታነባለች፣ እናቷ "ጣይው" ወይም "ይቆይ" ይላሉ። ብዙው ጭቃ የጠጣ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ነው። ከዚያ ኢሪስ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ካርቶኖች አወረደች። ዶኛ ዴልሚራ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

"እነሱን እኔ ራሴ" አሉ።

የዋልተር ናቸው። የበኩር ልጃቸው፣ ኢሪስ ሳትወለድ፣ የልጅነት ልምሻ ከተማውን በፈጀበት በጋ የሞተው። ነጭ የትምህርት ቤት ጋዋኑ ከነሰማያዊ የአንገት ሪባኑ፣ ፊደል የቆጠረባቸው ደብተሮች፣ አንድ እግሩ የተሰበረ የእንጨት ፈረስ፣ በክብሪት ቀፎ ውስጥ የወተት ጥርሶቹ። አንዱንም እርጥበት አልነካውም። ጋዋኑ ትናንት ታጥቦ የተተኮሰ ይመስል ነበር።

ኢሪስ ሁሉንም አየች። ከዚያ የክብሪት ቀፎውን ዘግታ፣ "የኔስ የት ነው?" አለች።

"የምን ያንቺ?"

"ደብተሬ። ጋዋኔ። እኔም መቼም ጥርስ ነቅያለሁ።"

ዶኛ ዴልሚራ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ የተረሳ ነገር ከአንዱ ጥግ የሚገኝ ይመስል። "ውሃው ወሰደው እኮ፣ ልጄ" አሉ። "ትምህርት በጀመርሽ ዓመት የመጣውን ጎርፍ ታውቂው የለ?"

ኢሪስ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር።

"እማዬ፣ ውሃ የሚወስደው የተተወለትን ነው" አለች።

ዶኛ ዴልሚራ ያ ጎርፍ ትዝ አላቸው። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ጭንቅላታቸው ላይ እያደረጉ ጣሪያ ሲያወጡ፣ ኤሌውቴሪዮ ኢሪስን ታቅፎ ከኋላ ይከተል ነበር። ልጅቷ እጇን ወደ ታች፣ ወደ ቤቱ ዘርግታ ታለቅሳለች። ውሃው አስፈርቷት መስሏቸው፣ "ዝም አሰኛት" ብለው ባላቸውን ተቆጡት። እጇን ወደ ምን እንደዘረጋች ግን ዞር ብለው አላዩም።

"እነዚህም ይቅሩ በቃ" አሉ በመጨረሻ። "ፑራ ታቃጥላቸው።"

"እንዴት ተደርጎ? ወንድሜ አይደል?" አለች ኢሪስ። እሷው ተሸክማ ፒካፑ ላይ ጫነቻቸው፤ እንዳይነቃነቁም ፍራሹን አስደገፈቻቸው። ቦታ ስለጠበበ የዶኛ ዴልሚራ የልብስ ስፌት መኪና ቀረ።

በአዲሱ ቤት ካርቶኖቹ አልጋቸው ሥር ገቡ። ዶኛ ዴልሚራ በየዓመቱ በዋልተር ልደት ጋዋኑን አውጥተው ይተኩሱት ነበር፤ ዘንድሮ ቀኑ መጥቶ ሲያልፍ አልነኩትም። ከልጃቸው ጋር ስለዚያ ቅዳሜ አልተነጋገሩም። ኢሪስ መድኃኒታቸውን ታቀርባለች፣ እግራቸውን ታሻለች፤ ቃል ሳይወጣት። ይሄ ዝምታዋ ልጅ ሆናም ነበረ፤ ያኔ ጨዋነት ብለው ለጎረቤት ያወሩላት ነበር።

አንድ ምሽት ኢሪስ ለእራት ዱባ ስትልጥ ዶኛ ዴልሚራ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

"ትምህርት ቤት የገባሽ ቀን ማን ወሰደሽ?"

ኢሪስ ቀና ብላ አየቻቸው። "አባዬ።"

"አለቀስሽ?"

ቢላዋውን አቆመች። "እንጃ፣ እማዬ። እሱን የሚያውቀው አባዬ ነበር።"

ኤሌውቴሪዮ ከተቀበረ ቆየ። ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም። ዶኛ ዴልሚራ ከመሳቢያው ሌላ ቢላዋ አወጡ፣ ወንበር ስበው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡና ከዱባው አንዱን ቁራጭ አነሡ። ልጣጩ እየወፈረባቸው ሄደ። ኢሪስ አየች፤ ግን ቢላዋውን አልቀማቻቸውም።