ጆሮው የገዛው ማሽን

ሾፌሮቹ «ጆሮው» ይሉታል፤ ለሹፈት እንዳይመስላችሁ። የድሮ ቤንዚን በል የጭነት መኪና ደጁ ሲያቆሙለት ኮፈኑን ይከፍታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ በተራ የሚያድለውን ዲስትሪቢውተር በሁለት ጣቱ ይዞ ትንሽ ወደዚህ ትንሽ ወደዚያ ያዞረዋል። ሞተሩ ልክ ሲመጣለት «በቃ!» ይላል። ብሎኗን ያጠብቃል፣ እጁን ይጠርጋል፣ አለቀ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የሠራው እንዲሁ ነው። መፈተሻ ማሽን የሚባል ነገር ሲነሳበት ደሙ ይፈላ ነበር። «ማሽን ጆሮ ለሌለው ነው» ይል ነበር፣ ያውም ማሽን ያላቸው ሰዎች ጋራዥ ድረስ እየሄደ።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማሽን ልገዛ ነው ብሎ ሲነሳ፣ ሚስቱ «አሞሃል እንዴ?» ብላ ግንባሩን ብትዳብሰው አይፈረድባትም። አላመመውም። ተናዶ ነው። ያናደደውም ታናሽ ወንድሙ ነው።

ታናሽየው ሾፌር ነው፤ የሚነዳውም የራሱን ባለ ስድስት ሲሊንደር አሮጌ የጭነት መኪና ነው። ባለፈው ዓመት ጆሮው የዚህን መኪና ዲስትሪቢውተር አውርዶ፣ አጽድቶ፣ አድሶ መልሶለት ነበር፤ በነጻ፣ ወንድም ነዋ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ያስተኛል። ጭነት ይዞ ዳገት ሲጀምር ግን ሞተሩ ውስጥ ጠጠር የተበተነ ይመስል ያንኳኳል። ታናሽየው «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከዲስትሪቢውተሩ ነው» ቢለው፣ ጆሮው ቱግ ብሎ በሾፌር ሁሉ ፊት «ከእግርህ ነው! ነዳጁን እስከ ወለሉ ትረግጥና እኔ ላይ ትመጣለህ!» ብሎ አዋረደው። ልጁም፣ ልጅ ስንል ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል፣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ፒስተን ተቃጠለና መኪናው ቆመ። የሾፌሮቹ ማኅበርም የጭነት ተራውን ነጥቆ ለሌላ ሰጠ። በዚያው ሰሞን ታናሽየው ዲስትሪቢውተሩን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣና የጆሮው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። «ከጆሮህ ሌላ በሆነ ነገር አስፈትሸው» አለ። ይኼው ነው፣ ወጣ። ሦስት ወር ሆናቸው፣ ሰላም አይባባሉም።

ስለዚህ ጆሮው ያሰበው ቀላል ነው። ማሽኑን ይገዛል፤ ዲስትሪቢውተሩን ያዞርበታል፤ ቁጥሩን በወረቀት አውጥቶ ወንድሙ ፊት ዘርግቶ «እንካ፣ አንብብ!» ይላል። ከዚያ በኋላ ቢታረቁም ባይታረቁም፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ማሽኑን የምትሸጠው የአንድ ሟች መካኒክ ሚስት ናት። ከቤቷ ጀርባ ወዳለች ጠባብ ክፍል ወሰደችው። ወለሉ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ግድግዳው ላይ ለእያንዳንዱ መፍቻ ቅርጹ በቀለም ተሥሎለት፣ ሁሉም በየቅርጹ ላይ ተሰቅሏል። ማሽኑ መሃል ላይ ቆሟል፤ ወገብ የሚደርስ አረንጓዴ የብረት ሳጥን ነው፣ ጠርዝ ጠርዙ ተልጧል። አናቱ ላይ ዲስትሪቢውተሩ የሚታሰርበት መያዣ፣ ከመያዣው ሥር ደግሞ ዙሪያውን ዲግሪ የተጻፈበት ቀለበት አለው። ውስጡ ያለው ሞተር ዲስትሪቢውተሩን ሲያዞረው፣ ብልጭታ በተነሳ ቁጥር ቀለበቱ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ይወጣል። ለስድስት ሲሊንደር ስድስት መስመር። ከዚያ ማንበብ ነው እንግዲህ።

«ይሠራል?» አለ ጆሮው።

«ባለቤቴ ሐሙስ ሠራበት፣ ዓርብ ሞተ» አለች ሴትዮዋ፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደምትነግር። «እኔም በየሳምንቱ አስነሳዋለሁ፣ እንዳይደርቅ። ዕቃ ይዘው ከሆነ ይፈትሹበት።»

ይዟል እንጂ! የወንድሙን ዲስትሪቢውተር ከጨርቁ ፈታ። እዚህ ላይ የእሱ ቢጤ ሰው ብቻ የሚሠራትን ስህተት ሠራ፤ ማሽኑን ራሱ ባደሰው ዕቃ ሊፈትን፣ ሚዛን ሊገዛ ሄዶ ሚዛኑን በራሱ ግምት ሊመዝነው ተነሳ።

ሴትዮዋ ማብሪያውን ነካች። ስድስት መስመር፣ እኩል እኩል ተራርቀው፣ ድርቅ ብለው ቆሙ። «አዩ?» አለ ጆሮው፣ ደረቱ ተነፍቶ። «ይሄን የሠራው ጆሮ ነው፣ እትዬ!»

ሴትዮዋ የፍጥነቱን መሪ ማዞር ጀመረች። ፍጥነቱ ሲጨምር መስመሮቹ ቀስ እያሉ ወደፊት መሄድ አለባቸው፤ እንዲያ ነው ደንቡ። እነዚህ ግን ፍጥነቱ ሩብ እንኳ ሳይደርስ የመጨረሻው ዲግሪ ላይ ጥግ ይዘው ቁጭ አሉ።

«ማሽኑ ተበላሽቷል!» አለ ጆሮው።

«ባለቤቴም መጀመሪያ የሚሰድበው ማሽኑን ነበር» አለችና ከመሳቢያ ውስጥ በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ ሌላ ዲስትሪቢውተር አወጣች። መኪና ላይ ገብቶ አያውቅም፤ ሟቹ ማሽኑን ራሱን የሚፈትሽበት ነው። እሱን አስራ አዞረችው። መስመሮቹ ረጋ ብለው ወደፊት ተጓዙ፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሰንጠረዥ ጋርም ቁጥር በቁጥር ገጠሙ።

ጆሮው የወንድሙን መልሶ አሰረ። ሁለቴ አዞረው፣ ሦስቴ አዞረው፤ ያው ነው።

«ይክፈቱት እንጂ» አለች ሴትዮዋ።

ከፈተው። ሥሩ ላይ ሲሽከረከሩ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሁለት ትንንሽ ክብደቶች አሉ፤ እነሱን የሚይዙ ሁለት ስፕሪንጎች አሉ። ሁለቱም ቀጭን፣ ሁለቱም እኩል፣ ቁርጥ መንታ። ያን ጊዜ ትዝ አለው። ባለፈው ዓመት ሲከፍተው አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም ነበር። አንዱ የማይረባ መካኒክ ያገኘውን ሰክቶ የሄደ መሰለው፤ ሰድቦትማ ነበር። «ለወንድሜማ እንዲህ አይሆንም» ብሎ ወፍራሙን ጣለ፤ ለቀጭኑ እኩያ ፍለጋም ግማሽ ቀን ዕቃ ሲበረብር ዋለ። የሌላ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ እንደነበረ ይተወው ነበር።

«ሁለቱም ቀጭን?» አለች ሴትዮዋ በትከሻው በኩል አጮልቃ። «አንዱ ወፍራም መሆን አለበት እኮ። በፍጥነት ጊዜ አደብ የሚያስገዛው እሱ ነው። ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ እንጃ» አለ ጆሮው።

ቆሞ ለሚሠራ ሞተር ቀጭኖቹ ይበቃሉ፤ ዳገት ላይ ግን ብልጭታው ያለ ጊዜው ይነሳል። ሞተሩ ያንኳኳል፣ ቆይቶ ፒስተኑ ይቃጠላል። ጆሮው ይህን ማንኳኳት አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም፤ ዳገቱ ድረስ ምን ቆርጦት!

ሴትዮዋ ከቆርቆሮ ውስጥ ወፍራም ስፕሪንግ መርጣ ሰጠችው። ገጠመው፣ አዞሩት፤ መስመሮቹ አደብ ገዙ። እሷም የባለቤቷን የታተመ ወረቀት አውጥታ ብዕር ያዘች። ወረቀቱ ሁለት ዓምድ አለው፤ በአንዱ አናት «ሲመጣ»፣ በሌላው «ሲሄድ» የሚል ተጽፏል። የ«ሲሄድ»ን ቁጥሮች በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ሞልታ ስትጨርስ ቀና አለች።

«ሲመጣ ስንት ነበር?»

«እሱ እንኳ ይቅር፣ እትዬ።»

«እዚህ ቤት ግማሽ ወረቀት አይወጣም፣ ጌታዬ። ወይ ይሞላል፣ ወይ ይቀደዳል።»

ቁጥሩን እሷም አይታዋለች፤ ግን ብዕሯን ይዛ ጠበቀችው። ጆሮው ያንን ዓምድ ባዶ ቢያስቀረው ወንድሙ ምንም የሚለው የለውም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የተከበረበት ስሙም እንደተከበረ ይኖራል። ባዶ እንዲቀር ፈለገ፤ አልዋሽላችሁም፣ ከልቡ ፈለገ። ሴትዮዋ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገራት። ማሽኑን በጠየቀችው ዋጋ ገዛ፣ ሰኞ በጋሪ አስወስደዋለሁ አለ፣ ወረቀቱን ይዞ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ መጫኛ ግቢ ሄደ።

ወንድሙን ያገኘው በሰው መኪና ጭነት ላይ ሸራ ሲያስር ነው፤ ተራውን ካጣ ወዲህ እንጀራው እሱ ሆኗል። ወረቀቱን ዘረጋለት። ታናሽየው ከመኪናው ወረደ፣ አነበበ፣ አጥፎ መለሰለት።

«ስፕሪንጉ ነው» አለ ጆሮው። «የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ላንተ ከማምጣቴ በፊት ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ወፍራሙ የለም።»

«ታዲያ አትናገርም? ማኅበሩ ሲጠይቅህ አፍ የለህም?»

«ተናግሬያለሁ» አለ ታናሽየው፣ ገመዱን እየጠቀለለ። «ዲስትሪቢውተሩን ማን ነካው አሉኝ። እኔ አልኩ። የራሱን ሞተር የሚያበላሽ ሰው ጭነት አይሰጠውም ብለው ተራዬን ወሰዱ። ታዲያ ምን ልበል፣ ወንድም ጋሼ? ያንተን ስም ብጠራ በማግስቱ ደጅህ መኪና የሚያቆም ይገኛል?»

ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚቆጣውን ይህን ሰው ማቀፍ ፈለገ፤ እንዴት እንደሚታቀፍ ግን አላወቀበትም። ዘወር ብሎ ሾፌሮቹና የማኅበሩ ተራ አስከባሪ ሻይ ወደሚጠጡበት የቆርቆሮ ጥላ ሄደ።

«ስሙኝማ!» አለ። «የወንድሜን ዲስትሪቢውተር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ፒስተኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ራሴ ነኝ ብሎ የነገራችሁ ዋሽቶ ነው። ተራውን መልሱለት።»

አንዱ ሾፌር ሳቀ። «ኧረ ተወን ባክህ! ጆሮው ዲስትሪቢውተር ሊያበላሽ?» ሌሎቹም ሳቁ። ተራ አስከባሪው ብድግ ብሎ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «ለወንድምህ ብለህ ስምህን ልታጠፋ! ወንድም ማለት እንዲህ ነው፤ እኛንም እንዳንተ ያለ ወንድም ይስጠን» አለው። ጆሮው ይህን ያህል ተመስግኖ አያውቅም፤ ይህን ያህል አፍሮም አያውቅም።

ታናሽየው ከኋላው ደርሶ እጅጌውን ሳብ አደረገው። «በቃ ወንድም ጋሼ፣ አያምኑህም። እንሂድ።»

«የትም አልሄድም» አለና፣ ሰዎቹ እየሳቁ እያሉ፣ ስፕሪንጉን ከቀየረበት ቀን አንስቶ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረላቸው።