ለማትዋኝ ሴት የዋና ሰዓት

ሠናይት አራተኛ የእጅ ሰዓት ልትገዛ ማሰቧን ከተናገረች ጀምሮ ማኅበሩ ሰላም አጥቶ ሰነበተ።

ማኅበሩ ሲባል ሦስት ሰው ነው። አንደኛዋ ራሷ ሠናይት ናት፤ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላት፣ አርባዎቹን አጋምሳ ወደ ሃምሳ የምትንደረደር፣ ሳቋ ከጓዳ እስከ መንገድ የሚሰማ ሴት። ሁለተኛው የመኪና ጎማ አስመጪው መልአኩ ነው፤ የሚካኤልን ማኅበር ጠጥቶ የማይጠግብ ጨዋታ አዋቂ። ሦስተኛው ጢሞቴዎስ ይባላል፤ በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የሚጫወት ቀጭን ወጣት። ሦስቱን ያገናኛቸው ዘመድነትም ሃይማኖትም አይደለም፤ ባትሪ የሌለው የእጅ ሰዓት ነው። ሞላው ተጠምጥሞ፣ ጥርስ ጥርስን እየገፋ፣ በገዛ ጉልበቱ ቲክ ቲክ የሚል ነገር ሲያዩ ልባቸው ቅቤ ይሆናል። እሑድ ከምሳ በኋላ ምግብ ቤቱ ጭር ሲል፣ የጥግ ጠረጴዛ ይይዙና ሰዓቶቻቸውን ፈትተው ይደረድራሉ፤ ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ይጣላሉ፤ ይታረቃሉ።

አንድ ደንብ አላቸው፦ ማንም ብቻውን ሄዶ ሰዓት አይገዛም። ደንቡ የወጣው በመልአኩ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ለማንም ሳይነግር ሄደና የሁለት አገር ሰዓት በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ሰዓት ገዝቶ መጣ።

«አንዱ የናይሮቢ፣ አንዱ የአዲስ አበባ!» ብሎ ክንዱን ዘረጋ።

ጢሞቴዎስ አንገቱን ደፋ። «ጋሽ መልአኩ፣ የናይሮቢና የአዲስ አበባ ሰዓት እኮ አንድ ነው።»

መልአኩ ሰዓቱን ገልበጥ አድርጎ አየው። ከዚያ፣ «እንግዲያው አንዱን በሐበሻ አቆጣጠር እሞላዋለሁ» አለና እዚያው ሞላው። እስከ ዛሬም አንዱ ጠቋሚ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሌላው ሦስት ይላል፤ የመልአኩ ኩራት ግን በደቂቃ እንኳ ወደ ኋላ አልቀረም።

ሠናይት ለራሷ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስባት ከገና በፊት ጀምራ ስታወጣ ስታወርድ ከረመች። በስልኳ የሰዓት ፎቶ ሞልቶ የልጇ ፎቶ የሚቀመጥበት ቦታ ታጣ። ልጇ ምርቃት ናይሮቢ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። «ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ፎን አለሽ እኮ! ታይሙን እዛ ላይ እዪው» ትላታለች።

«ስልኩ ከሌላ ሰምቶ ነው የሚነግርሽ» ትላለች ሠናይት። «ይቺ ግን ራሷ ናት የምትሠራው። ሠራተኛና ወሬኛ አንድ ነው?»

በመጨረሻ ቁርጥ ሆነ። ፓርክላንድስ ውስጥ ያገለገሉ ሰዓቶች የምትሸጠው ላሚያ እጅ አንዲት የስዊስ ሰዓት አለች፤ ነጭ ፊት፣ ቀጭን ወገብ፣ ቡናማ የቆዳ ማሰሪያ። ለሠርግ ትሆናለች፤ ለቤተ ክርስቲያን ትሆናለች፤ የሠናይትን ቀጭን አንጓ አታስጨንቅም። መልአኩ «ጨዋ ሰዓት» አላት። ጢሞቴዎስ «እህት ሠናይት፣ ጌታ ያዘጋጀልሽ ናት» አለ። ሦስቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ይኼ ራሱ ሊያስጠረጥራቸው ይገባ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በመልአኩ መኪና ወጡ። ላሚያ «ሳ ቲሳ» ብላ ቀጥራቸዋለች፤ ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓቱን ከንጋት ስለሚቆጥር ሳ ቲሳ ማለት ያው ዘጠኝ ሰዓት ነው። መንገዱ በማታቱ ታክሲዎች ተጨናንቆ ነበር። ሠናይት ከፊት ተቀምጣ ባዶ ክንዷን በመስኮት አውጥታ ለፀሐይ ታሳያለች። «አንጓዬን ንጹሕ አድርጌ ነው የመጣሁት» ስትል፣ ጢሞቴዎስ ከኋላ «እንደ ሙሽራ!» ብሎ የሠርግ ዜማ ጀመረ፤ መልአኩም መሪውን እየደበደበ ተቀበለው። ጎናቸው የቆመው የማታቱ ረዳት ምን እንደሚሉ ባያውቅም በሩን እየመታ አጨበጨበላቸው።

የላሚያ ሱቅ ከጨርቅ መሸጫ በላይ፣ በጠባብ ደረጃ የሚወጣ አንድ ክፍል ነው። ላሚያ ማጉያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ «ካሪቡ፣ ማማ ምርቃት!» ብላ ተቀበለቻቸው፤ ኬንያ ውስጥ እናት በልጇ ስም ነው የምትጠራው። ነጯን ሰዓት በጥቁር ከፋይ ላይ አስቀመጠችላት። ሠናይት አሰረቻት። አማረች። ልክ እንደ ፎቶዋ አማረች። ሁሉም «እሰይ» አሉ፤ ሠናይትም «እሰይ» አለች፤ ግን እሰይ ሲባል ሆድ ውስጥ ብድግ የሚለው ነገር ብድግ አላለም።

በዚህ መሀል ዐይኗ ወደ መስታወቱ ሣጥን ታችኛው መደብ ወረደ።

እዚያ ጥግ ላይ አንዲት ሰዓት ነበረች። ፊቷ ብርቱካን ነው፤ የሚያፍር ብርቱካን አይደለም፣ የሚጮህ ብርቱካን። ዙሪያዋን የሚሽከረከር ጥቁር ቀለበት አላት፤ ጠቋሚዎቿ እንደ ማማሰያ የወፈሩ ናቸው። እንደ ድፎ ዳቦ ደንደን ያለች፣ ማንንም የማትለማመጥ ሰዓት።

«ያቺ ምንድን ናት?» አለች ሠናይት፤ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«እሷ የጠላቂ ዋናተኞች ናት» አለች ላሚያ። «የጃፓን ሥራ። ባሕር ውስጥ የሚገቡ ሰዎች ናቸው የሚያደርጓት።»

መልአኩ አደጋው ገባው። «ሠኒ፣ ነጯን አውጥተሽ እንዳታስቀምጪ። ወደ ታች አትዪ።»

«ለማየት ብቻ ነው።»

«ለማየት ብቻ ያልኩ ዕለት ነው እኔ የሁለት አገር ሰዓት የገዛሁት!»

ላሚያ ግን አውጥታ ሰጠቻት። ከባድ ናት። ሠናይት ቀለበቱን ስታዞረው ክር ክር ክር እያለ ጣቷ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ያ ድምፅ ከጣቷ ተነሥቶ እስከ ትከሻዋ ወጣና ሳቅ ሆኖ ፈነዳ። ደግማ አዞረችው። ደግማ ሳቀች። ክንዷ ላይ ስታስራት ሰዓቷ አንጓዋን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነችው።

«ክንድሽ ላይ ጉልላት የተተከለ ነው የሚመስለው» አለ መልአኩ። «ደግሞስ ዋና አትችዪም! ባለፈው ናይቫሻ ሐይቅ ስንሄድ ጀልባ ላይ ሆነሽ አይደል ስለት የተሳልሽው?»

«አንተስ ከሁለት አገር በአንዱ እንኳ በሰዓቱ ደርሰህ ታውቃለህ?» አለችው። ጢሞቴዎስ ሊስቅ ሲል ወደ እሱ ዞረች። «አንተም አትሳቅ። የያዝከው የፓይለት ሰዓት ነው፤ አውሮፕላን ስትነዳ አይቼህ አላውቅም።»

ጢሞቴዎስ እጁን ኪሱ ከተተ።

ግን ደንብ ደንብ ነው። ሁለቱ ሰዎች ጎትተው አስወጧት። «ጭማቂ ጠጥተን፣ ልባችን ረግቶ፣ ነጯን ገዝተን እንሄዳለን» ተባለ። ደረጃው ሥር ካለችው የጭማቂ ቤት ተቀመጡ። ሠናይት የቀረበላትን የማንጎ ጭማቂ አላየችውም። መልአኩ የነጯን ሰዓት ጥቅም እየዘረዘረ ሳለ፣ አንድ በር የሚያክል ትከሻ ያለው ሰው እያፏጨ ደረጃውን ወጣ።

«ወዴት ነው የሚሄደው ይሄ ሰውዬ?» አለች ሠናይት።

«ሱቅ ነዋ፤ ሰው ይወጣል ይወርዳል…»

መልአኩ ሳይጨርስ ወንበሯ ባዶ ነበር። ከምግብ ቤቷ ጓዳ እስከ በር ስትሄድ ጉልበቴን የምትለው ሴት ያንን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣችው። በሩን ስትከፍት የፈራችው ነገር ደርሷል፦ ብርቱካኗ ሰዓት በሰውየው ክንድ ላይ ነበረች። ቀለበቱን እያዞረ ነበር። ክር ክር ክር። ሠናይት ሌላ ሰው ልጇን ሲስም ያየች መሰላት።

«ለእርስዎ ትንሽ ናት!» አለች በገበያ ስዋሂሊዋ፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

ሰውየው ዞር አለ። እውነትም በዚያ ክንድ ላይ ሰዓቷ አዝራር ትመስላለች። «ይመስልዎታል?» አለ በትሕትና። «ያዕቆብ እባላለሁ። ከሞምባሳ ነኝ፤ እዚህ ልጆች ዋና አስተምራለሁ። ለሥራዬ ፈልጌያት ነበር። እርስዎም ዋናተኛ ነዎት?»

ላሚያ ማጉያዋን ዐይኗ ላይ አወረደችና ወደ ሠናይት ተመለከተች። መልአኩና ጢሞቴዎስ እያለከለኩ በር ላይ ደረሱ።

«አዎ» አለች ሠናይት።

በሩ ላይ አንድ ሰው ትን አለው፤ መልአኩ ነው።

ያዕቆብ ፊቱ በራ። «እንግዲያው ዋናተኛ ከዋናተኛ አይቀማም» አለና ሰዓቷን ፈትቶ ከፋዩ ላይ አኖራት። «የት ነው የሚዋኙት? ምን ዓይነት ዋና ይወዳሉ?»

ሠናይት አንድ የዋና ዓይነት ስም ፈለገች፤ በአማርኛም በስዋሂሊም በእንግሊዝኛም አጣች። ሰውየው በደግ ዐይኑ መልሷን ይጠብቃል። ሰዓቷ እዚያው ናት፤ ሠናይት ክንዷን ብትዘረጋ ትደርስባታለች። ዝም ብትል የራሷ ናት። ግን የተቀማ ነገር ክንድ ላይ እንደሚከብድ ታወቃት።

«ዋሸሁዎት» አለች። «ዋና አልችልም። ውሃ ከወገቤ በላይ ከመጣ ቅዱሳንን ሁሉ በየስማቸው ነው የምጠራው። ግን ይቺን ሰዓት ሳያት… ምን ልበልዎ፣ ዘልዬ ወጣሁ። ይውሰዷት።»

ያዕቆብ አያት። ከዚያ ሳቁ ከሆዱ ተነሣ፤ እየሰፋ፣ እየሰፋ መጥቶ የመስታወት ሣጥኑን አንቀጠቀጠው። ላሚያ ተከተለችው። ጢሞቴዎስ ግድግዳ ተደግፎ ተንሸራተተ። ሠናይት ራሷ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

«ማማ» አለ ያዕቆብ ሳቁ ሲበርድለት፣ «ውሰጃት። ግን በአንድ ነገር። ውሸቱን እውነት እናድርገው። እኔ አስተምርሻለሁ።»

«እኔን?»

«ከአንቺ የባሱትን አስተምሬያለሁ። አንዱ አሁን ሕይወት አዳኝ ሆኗል።»

ሠናይት በስልኳ፣ በኤምፔሳ ከፈለች፤ ከችኮላዋ የተነሣ የይለፍ ቁጥሯን አንዴ ተሳስታ። ወደ መኪናው ሲመለሱ ነጯን ሰዓት ያስታወሳት አልነበረም። መልአኩ ብቻ፣ «ደንቡ ፈርሷል» ብሎ አጉረመረመ።

«ሁላችሁም ነበራችሁ እኮ» አለችው፤ ቀለበቱን ክር ክር እያደረገች።

ሠናይትና ምርቃት የሚኖሩት ኪሌሌሽዋ፣ መዋኛ ገንዳ ባለው አፓርታማ ግቢ ነው። ሠናይት ለገንዳው ጽዳት ስታዋጣ ኖራ አንድም ቀን እግሯን ነክራበት አታውቅም። የመጀመሪያው ትምህርት ቀን እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ የዋና ልብስ ለብሳ፣ በእጇ ብርቱካኗን ሰዓት አስራ ስትወርድ፣ ጎረቤት ሁሉ በረንዳ ላይ ወጣ። ምርቃት ስልኳን ደግና፣ «ማሚ፣ ጀስት ሪላክስ!» ትላለች።

«ውሃ ውስጥ ቆሜ ምኑን ነው ሪላክስ የማደርገው!» ብላ ጮኸች ሠናይት፤ ውሃው ገና ከጉልበቷ በታች ነበር።

ያን ቀን የገንዳውን ጠርዝ አንቃ ይዛ ዋለች። በሚቀጥለው ፊቷን ነከረች። አንድ ሳምንት እግሯ መራገጥ ለመደ፤ ሌላ ሳምንት ሁሉንም ረሳችው። ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ እያማሰለች አየር ስባ ስትይዝ ሠራተኞቿ ታመመች ብለው ደነገጡ። ያዕቆብ በትዕግሥት መዳፉን ከጀርባዋ ሥር አድርጎ፣ «ውሃው ይሸከምሻል ማማ፤ አንቺ ብቻ አትታገዪው» ይላታል። መልአኩና ጢሞቴዎስ ከገንዳው ዳር ተቀምጠው፣ እንደ ዳኛ ሰዓታቸውን እያዩ ይከራከራሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ውሃውን ወርቅ አስመስላው ሳለ፣ ሠናይት ጠርዙን ለቀቀች። ማንም ልቀቂ አላላትም። አየር ሳበችና ፊቷን አጥልቃ፣ በእግሯ እየተራገጠች ተዘረጋች። ዐይኗን ገለጠች። ከታች ሰማያዊ ንጣፍ፣ ከፊቷ የገዛ እጇ፣ እጇ ላይ ብርቱካኗ ሰዓት፤ ወፍራም ጠቋሚዎቿ ውሃ ውስጥ እያበሩ፣ የሰከንዷ ዘንግ ቀስ እያለች ስትዞር። ምንም ድምፅ የለም። ምንም የሚጎትታት የለም። ውሃው ተሸከማት። ሠናይት ውሃ ውስጥ መሳቅ እንደማይቻል ያኔ ነው ያወቀችው፤ ምክንያቱም ሳቀች።

እያሳለች፣ ፀጉሯ ተዘፍዝፎ ብቅ ስትል የቆመችው ከገንዳው ማዶ ነበር። ከተነሣችበት ጠርዝ ማዶ! ምርቃት እየጮኸች ትዘላለች፤ ያዕቆብ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሏል፤ ከየበረንዳው ጭብጨባ ይወርዳል። መልአኩ ብቻ ጫማውን እንዳደረገ ወደ ጠርዙ ሮጦ ተንበረከከ።

«ገባባት? ውሃ ገባባት እንዴ?» አለ በጭንቀት።

«አፍንጫዬ ውስጥ ገባ! ጆሮዬ ውስጥ ገባ!» አለች ሠናይት ክንዷን ወደ ላይ ሰቅላ። «እሷ ግን ደረቅ ናት! ና እያት፣ ትሄዳለች!»

ጢሞቴዎስ ጸጥ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀምሮ ነበር።